የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፦ ከጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ጉልበትን መልሶ መገንባት

ዛሬ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድርድር ወይም ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ጅማት ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ባትና ስለ ተረከዝ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁንና በሁለት እግሩ ያልቆመ ሰው ሰልፍም አይወጣም፣ የቤት ኪራዩንም አይከፍልም፣ ወር ሲያልቅ ለእናቱ የሚልካትንም ገንዘብ አይልክም። በየከተማው ያለን ወገኖች ደግሞ ዕድሜያችን ከአርባ እያለፈ፣ ሳምንቱን ሙሉ በወንበር ላይ ውለን እሑድ ሲሆን እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ኳስ የምናሳድድ ሆነናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ በዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ ሜዳ ላይ ከአገር ልጆች ጋር እጫወት ነበር። ዕድሜዬ 44፣ ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። ኳሷን ለመቅደም ስወነጨፍ ከቀኝ ተረከዜ በላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። አንድ ሰው ከኋላ በርግጫ የመታኝ መሰለኝ። ወድቄ ዞር ስል ያየሁት በየስብሰባው የምንተናነቀውን፣ በፖለቲካ አመለካከት ፈጽሞ የማንገናኘውን ሰው ነው። «በክርክር ያልቻልከኝን በርግጫ ልትበቀለኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ግን አምስት ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ወንድሜ፣ ማንም አልነካህም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ የተረከዝ ጅማት የተበጠሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከኋላ መቱኝ» ብሎ ነው የሚናገረው። ፈረንጆች ይህን ጅማት በግሪኩ ጀግና ስም አኪለስ ይሉታል። እኛ ቋንጃ የምንለው አለ፤ አንዳንዱ ግን ቋንጃ ሲል ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ማለቱ ስለሆነ እዚህ የተረከዝ ጅማት እያልኩ እቀጥላለሁ። የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ሲበጠስም በአብዛኛው ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ነው።

እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ታላቃችን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ «ወለምታ ነው፣ ቅቤ አምጡልኝ ልሸው» ብለው ቀርበው ነበር። ወጌሻ ባገራችን የተከበረ ሙያ ነው፤ የተበጠሰ ጅማትን ግን ማሸት አይመልሰውም። ሐኪሙ ያደረገው ምርመራ እጅግ ቀላል ነው። በደረቴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቀው። ጤነኛ እግር ባቱ ሲጨመቅ ጣቶቹ ወደ ታች ይላሉ። የኔ እግር እንደ በድን ዝም አለ። ተበጥሷል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ካልተደረገ ጉዳቱ «ቁርጭምጭሚት ወለም ብሎ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፣ ሳምንታትም ይባክናሉ።

መቀደድ ወይስ አለመቀደድ?

ብዙ ሰው ቀዶ ጥገና ብቸኛው መንገድ ይመስለዋል። አይደለም። በኖርዌይ በ526 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውንና ያልተደረገላቸውን አነጻጽሮ፣ በ12ኛው ወር የእግራቸው አገልግሎት ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ልዩነቱ በዳግም መበጠስ ላይ ነበር። ካልተቀደዱት መካከል 6.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተቀደዱት ግን 0.6 በመቶ ብቻ ናቸው ዳግም የተበጠሰባቸው። በአንጻሩ ቀዶ ጥገና የነርቭ ጉዳትና የቁስል መመረዝ አደጋ አለው። ስለዚህ ምርጫው የሕመምተኛውና የሐኪሙ ነው። እኔ የመረጥኩት ቀዶ ጥገናውን ነው። ቀኝ እግሬ እንጀራዬ ስለሆነ ዳግም የመበጠሱን ዕድል መቀነስ ፈለግሁ።

ያን ዕለት ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን ይመስላችኋል? ያ የሰደብኩት ሰው። መንገዱን ሙሉ ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲያወርደኝ ብቻ «ስትድን እንከራከራለን» አለኝ።

ጅማት እንዴት ይድናል?

ስለ ስፖርቱ ከማውራቴ በፊት የጅማትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጅማት እንደ ጡንቻ ብዙ ደም የሚዘዋወርበት አካል ስላልሆነ አዳኙ አዝጋሚ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብግነት አለ። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሰውነት ክፍተቱን ቀጭንና ደካማ በሆነ፣ በየአቅጣጫው በተዝረከረከ ኮላጅን ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ነው በወራት ሂደት፣ እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ፣ ይህ ደካማ ክር በጠንካራው እየተተካ በሚሳብበት አቅጣጫ የሚሰለፈው።

«በሚሳብበት አቅጣጫ» የምትለዋን ልብ በሉ። ሸማኔ ድሩን ሳይወጥር መሸመን አይችልም፤ አለልክ ቢወጥረው ደግሞ ይበጠስበታል። ጅማትም እንዲሁ ነው። ጨርሶ ካልተሳበ ክሩ አይሰለፍም፣ ያለጊዜው ከተሳበ ግን ይረዝማል ወይም ይበጠሳል። ቀድሞ እግርን ለረጅም ሳምንታት በጄሶ ማሰር የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሞች በቡት ተደግፎ ቀደም ብሎ መርገጥንና በተወሰነ ልክ ማንቀሳቀስን ይመርጣሉ። እንግዲህ ጥበቡ ሁሉ ያለው በልኩ ላይ ነው። እኔ የሳትኩትም ይህንኑ ልክ ነው።

የኔ ስሕተት

ከጉዳቱ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እሄድ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ቡቱ ወለቀልኝና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አደረግሁ። ሕመም የለኝም። ታክሲዋ ቆማለች፣ ክፍያዋ ግን አልቆመም። ባለቤቴ ድርብ ሥራ እየሠራች ነው። «ምን እጠብቃለሁ?» አልኩና ኢንተርኔት ከፈትኩ። «ለተረከዝ ጅማት የሚሆን ምርጥ ስፖርት» ተብሎ የቀረበው በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣት ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው በታች ቀስ ብሎ ማውረድ ነበር።

ይህ ስፖርት በራሱ ሐሰተኛ አይደለም። ሆካን አልፍሬድሶን የተባለ የስዊድን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው፣ በቀን 180 ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚሠራ የታወቀ ሕክምና ነው። ነገር ግን የታሰበው ጅማታቸው ሳይበጠስ ለረጅም ጊዜ ሲያማቸው ለኖረ ሯጮች ነው። በስምንተኛ ሳምንቱ ላይ ላለ የተሰፋ ጅማት አይደለም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው እንዲሉ፣ እኔ አሥር ቀን ሙሉ በቤቴ ደረጃ ላይ ጅማቴን ስጎትት ከረምኩ።

«ጧ» የሚል ነገር አልሰማሁም፣ አላመመኝምም። እንዲያውም እግሬ እንደ ልብ መታጠፍ ስለጀመረ ደስ ብሎኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን አይታ ዝም አለች። በደረቴ አስተኝታ ሁለቱን ጉልበቶቼን አጠፈቻቸው። የግራው እግሬ ጣቶች በተፈጥሯቸው ወደ ላይ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ሲያርፉ፣ የቀኙ ውስጥ እግር ግን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘረጋ። ጅማቴ ረዝሞ ነበር። የረዘመ ጅማት ማለት የላላ ገመድ ማለት ነው። ባት ምንም ቢጠነክር ኃይሉ ተረከዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ገመዱን በመወጠር ያልቃል። የረዘመውንም በስፖርት መልሶ ማሳጠር አይቻልም። ዛሬ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በቀኝ እግሬ ብቻ በጣቴ ስቆም ተረከዜ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ሙሉ በሙሉ መልቀም አልቻልኩም።

በየወቅቱ ምን ይሠራል?

ከዚህ በታች ያለው ለተረከዝ ጅማት ከቀዶ ጥገና በኋላ በተለምዶ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ነው። የእያንዳንዱ ሰው ቀዶ ጥገና ስለሚለያይ የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው።

ከ1ኛው እስከ 2ኛው ሳምንት፦ እግሩ ጣቶቹ ወደ ታች እንዳሉ ታስሯል፣ አይረገጥበትም። ዋናው ሥራ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ ሰቅሎ ማሳረፍና ቁስሉን መጠበቅ ነው። ጭን ግን መስነፍ የለበትም። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ እግርን ከአልጋው ላይ ማንሳት፣ በጎን ተኝቶም ወደ ላይ ማንሳት ይቻላል።

ከ2ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት፦ ተረከዙ ስር ሽብልቅ የተደረገበት ቡት ይገባል። ሐኪሙ በፈቀደው መጠን በክራንች ተደግፎ መርገጥ ይጀመራል፣ ሽብልቆቹም አንድ በአንድ ይቀነሳሉ። ሲፈቀድ እግርን በራስ ኃይል ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ወደ ላይ ሲታጠፍ ግን ከዘጠና ዲግሪ ማለፍ የለበትም። በእጅ፣ በፎጣ ወይም በላስቲክ መጎተት ፈጽሞ አይገባም።

ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፦ ቡቱ በጫማ ይተካል፣ ጫማው ውስጥም ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ነገር ይደረጋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ተረከዝ ማንሳት ይጀመራል፤ ሲጠነክር በሁለት እግር ቆሞ ይቀጥላል። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት ይቻላል፣ ፔዳሉ ግን በተረከዝ በኩል ይረገጥ። ማሳሳብ አሁንም የለም። ዳግም የመበጠስ አደጋ የሚበዛው በእነዚህ የመጀመሪያ ሦስት ወራት ነው፤ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ሰው የሚዘናጋበትም ወቅት ይኸው ነው።

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፦ እውነተኛው የጉልበት ግንባታ የሚጀምረው እዚህ ነው። በሁለት እግር ተነስቶ በአንዱ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ከዚያም በአንድ እግር መነሳት፣ ከዚያ ክብደት መጨመር። ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች። በቀላል ክብደት በ15 ጊዜ ተጀምሮ፣ በሳምንታት ሂደት ክብደቱ እየጨመረ ቁጥሩ ወደ 12፣ ወደ 10፣ ወደ 8፣ በመጨረሻም ወደ 6 ይወርዳል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከከባድ ሥራ በኋላ ባሉት 24 እስከ 36 ሰዓታት ጅማቱ ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን ከሚገነባው ስለሚበልጥ፣ በየቀኑ ማክበድ ማፍረስ እንጂ መገንባት አይደለም።

ሩጫና ኳስ፦ እኔ ዘንድ የነበረችው ፊዚዮቴራፒስት የቀን መቁጠሪያ አትቀበልም ነበር። መስፈርቷ በአንድ እግር ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳት መቻል፣ ከፍታውና ቁጥሩም ከጤነኛው እግር ጋር መቀራረብ ነበር። በብዙ ሰው ዘንድ ሶምሶማ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር፣ ኳስን የመሰለ መወንጨፍና መዝለል ያለበት ስፖርት ደግሞ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል።

የቀረው ሰውነት እስከዚያው ምን ይሥራ?

ጂም የለመደ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ «ጡንቻዬ ሁሉ ሊቀልጥ ነው» የሚል ነው። መልሱ እንዲህ ነው፦ ስፖርቱ አይቆምም፣ ይለወጣል እንጂ። ግን ወጥመዶች አሉት።

ቤንች ፕሬስ ተጋድሞ የሚሠራ ስለሆነ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ክብደት ሲከብድ ሰው ሳያውቀው መሬቱን በእግሩ ይገፋል፣ ባትም ይወጠራል። ስለዚህ ክብደት ቀንሶ፣ የታመመውን እግር ዝም ብሎ አሳርፎ መሥራት ነው። ፑሽ አፕና ፕላንክ በጣት ቆሞ ሲሠሩ ጅማቱን በቀጥታ ይስባሉ፤ በጉልበት ተንበርክኮ መሥራት ይሻላል። ከትከሻ በላይ የሚገፋው ክብደት ቁጭ ብሎ፣ ጀርባን አስደግፎ ይሠራ። የሚሳበው ደግሞ ደረትን አስደግፎ እንጂ በእግር ተገፍቶ አይሁን።

በደረት ተኝቶ ጉልበት የሚታጠፍበት ማሽን ትራሱ የሚያርፈው ልክ በቁስሉ ላይ ነው። ከዚህም በላይ አንዱ የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ስለሚጀምር ጉልበት በኃይል ሲታጠፍ ጅማቱ ይሳባል። ይህን ማሽን ለጊዜው እርሱት። በጥልቀት ቁጢጥ ማለትና አንድ እግር ወደ ኋላ አስቀርቶ መንበርከክም እንዲሁ ይቆዩ። ሲፈቀድ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በማለት ይጀመራል።

ሌላው ወጥመድ ክብደቱን ማንሳት ሳይሆን መሸከም ነው። በክራንች የሚሄድ ሰው ዳምቤል ይዞ ከቦታ ቦታ መዞር የለበትም። አንድ መሰናከል ይበቃል፤ ሰው ሊወድቅ ሲል ራሱን የሚያድነው ያንኑ እግር በኃይል በመርገጥ ነው። ማሽን መጠቀም ወይም «እባክህ አቀብለኝ» ማለት ነውር አይደለም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ላክልበት። ጤነኛውን እግር ማሠራት ለታመመውም ይተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ስክሪፕቸር የተባለ ምሁር አንድ እጅ ሲሠለጥን ያልሠለጠነው እጅ ጭምር እንደሚጠነክር አሳይቶ ነበር። ምክንያቱ ጉልበት የጡንቻ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውን የሚያዝዘው የአንጎልና የነርቭ ጉዳይም ስለሆነ ነው። ስለዚህ በግራ እግር ብቻ ተረከዝ ማንሳትና ክብደት መግፋት ጊዜ ማባከን አይደለም፤ የታሰረው እግር ጉልበቱን ጨርሶ እንዳይረሳ ያግዘዋል።

ልክ ማለፍና አለማለፋችሁን የምታውቁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ስትወርዱ እግሩ ከትናንቱ ይበልጥ ካበጠ፣ ከደረቀ ወይም ካመመ ትናንት በዝቷል፤ ዛሬ ይቀነስ። እንደ ወትሮው ከሆነ ባለበት ይቀጥላል።

ጾም፣ ስግደትና መድኃኒት

ለኛ ሰው የሚመች ምክር በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ አይገኝም። ከቀዶ ጥገና ለሚያገግም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ይህን ማግኘት ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም። አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፤ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝና ቶፉ ይጨመሩበት። ሕመምተኛ ንስሐ አባቱን ቢያማክር ደግሞ መልካም ነው። በእስልምናም የታመመ ሰው ረመዳንን በሌላ ቀን እንዲተካ ተፈቅዶለታል።

ስግደትም አለ። በሰሙነ ሕማማት ሲሰገድ የሰውነት ክብደት ተመልሶ የሚያርፈው በታጠፉ የእግር ጣቶች ላይ ነው። በሶላትም ሲቀመጡ ቀኝ እግር በጣቶቹ ላይ ቆሞ ይታጠፋል። ሁለቱም ጅማቱን ይስቡታል። እስኪድን ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድን ሃይማኖቶቹም አይከለክሉም።

ስለ መድኃኒት አንድ ማስጠንቀቂያ ይኑረኝ። ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ከአገር ቤት በሻንጣ ይዞ የማይመጣ ስንቱ ነው? ይህና ዘመዶቹ የሆኑ መድኃኒቶች ጅማትን ሊያሳምሙና ሊያስበጥሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አድርጓል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። ለሆድ ቁርጠት በራሳችሁ ፈቃድ አትዋጡት።

የታሰረ እግር ደም ሊረጋበት እንደሚችልም አትርሱ። ባት በድንገት ካበጠ፣ ካመመና ከጋለ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ፣ ነገ ይደረሳል የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የግማሽ ቀን በረራ ያሰበም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ትኬት አይቁረጥ።

እንጀራስ?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከጂም ወጥቶ ወደ ቤታችን የሚገባው። ሰው የሚቸኩለው ሞኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ስለማይጠብቅ ነው። በጀርመን ያለ ተቀጣሪ ሲታመም ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አሠሪው ደመወዙን ይከፍለዋል፣ ከዚያ በኋላ የሕመም ኢንሹራንሱ ከፊሉን ይሸፍንለታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ የሚሰጠው እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ዕረፍት ነው። ያውም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ 12 ወር ለቆየና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት ለሠራ ነው። እንደኔ የራሱን ታክሲ የሚነዳ ሰው በዚህ ሕግ አይታቀፍም። የባሕረ ሰላጤው አገር እህቶቻችንማ በሰው ቤት ተቀጥረው እግራቸው ቢበጠስ ማን ያሳርፋቸዋል?

የኔ ኢንሹራንስ የፈቀደልኝ በዓመት 20 የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነበር። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙልጭ አድርጌ ጨረስኳቸው። ከባዱ ሥራ ሲጀመር የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ከኔ ተማሩ፦ መጀመሪያ ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ ሂዱና የቤት ሥራ ተቀበሉ፤ ቢያንስ ግማሹን ቀጠሮ ከአራተኛው ወር በኋላ ላለው አቆዩት። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ለአሠሪያችሁ ወዲያው በጽሑፍ አስታውቁ። «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ዝም ያለ ሰው የሥራ ላይ ጉዳት ካሣውን የማጣት አደጋ አለበት።

በማኅበራችን ለለቅሶና ለሠርግ እድር አለን። ለተኛ ሰው ኪራይ ግን ሳጥን የለንም። ስለ አገር ነፃነት ስንሰበሰብ ስለዚህም አንድ አጀንዳ ብንይዝ ምን ይለናል?

ከትልልቆቹ ምን እንማራለን?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞ ወርቅ ሲወስድ የተረከዝ ጅማቱ ይታመም ነበር። የኃይሌ ጅማት የተበጠሰ ሳይሆን የቆሰለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን ሲመለስ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ያን ጊዜ «ኃይሌ አበቃለት» ያለው ስንቱ ነበር። በዚያው ዓመት በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። በ2004 በአቴንስ ሕመሙ ተመልሶበት አምስተኛ ወጣ። በበርሊን ማራቶንን በ2:04:26፣ ቀጥሎም በ2:03:59 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው በ2007 እና በ2008 ነው።

የቅርጫት ኳሱ ኬቨን ዱራንት የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰው በሰኔ 2019 ነው። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች፣ የግል አሠልጣኝና ሙሉ ደመወዝ ነበረው። ቢሆንም የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አርፎ የተመለሰው በታኅሣሥ 2020፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ ሲመለስም ያው ዱራንት ነበር። ይህን ሁሉ የያዘ ሰው 18 ወር ከጠበቀ፣ እኔ በስምንት ሳምንት ደረጃ ላይ የወጣሁት ማን ነኝ ብዬ ነው?

ወደ ራሴ ልመለስና ላብቃ። ወደ ታክሲዬ የተመለስኩት በአራተኛው ወር ነው። ዛሬ ክብደት አነሳለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሶምሶማ እሮጣለሁ፤ ኳስ ግን ትቻለሁ። ያ በሐሰት የከሰስኩት ሰው መንዳት በማልችልባቸው ወራት ወደ ሕክምና ቀጠሮዬ ያመላልሰኝ ነበር። ፖለቲካችን አልታረቀም። ባለፈው ስብሰባ ላይ እንኳ እስኪመሽ ድረስ ተከራክረናል። ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ቀድሞኝ ወርዶ፣ «ቀስ በል፣ ተረከዝህን አስቀድም» አለኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እኛም እንሄዳለን።